በተማሪ ኪስ የሚሠራ ፖድካስት
(በአምቦ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)





የፈተናው ወራት በተቃረበበት በዚህ ጊዜ እኛን ለመስማት ከጥናታችሁ ስለ ተነሣችሁ ከሁሉ አስቀድመን እናመሰግናለን። እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «ፖድካስት የሚባለውን የድምፅ ዝግጅት ሳይከስሩ ማሳደግ ይቻላል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የብዙዎቻችን ጓደኞች ድካም ከንቱ የቀረው በዚህ ጥያቄ ላይ ተሰናክሎ ስለ ሆነ እንደ ቀላል ልናልፈው አንችልም።

በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በሆለታ፣ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ድምፅ መቅረጽ የጀመረ ወጣት ጥቂት አይደለም። የመጀመሪያውን ክፍል በደስታ ያዘጋጃል፤ ሁለተኛውን ለጓደኞቹ ያሰማል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ሲደርስ ይደክማል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ አይሰማም። «ምነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁል ጊዜ አንድ ነው፤ «ገንዘብ የለም፤ ማይክሮፎን የለም፤ ስቱዲዮ የለም፤ የኢንተርኔት ጥቅሉ አለቀ» ይላል። እኛም ይህን አቤቱታ አናቃልለውም፤ የተማሪ ኪስ ምን ያህል እንደ ሆነ ከእኛ ይበልጥ የሚያውቅ የለምና። ይሁን እንጂ ዛሬ በፊታችሁ ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ሐሳብ አለን። ይኸውም፣ ወጪን ማሳነስና አድማጭን ማብዛት እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም፤ በእኛ አገር ሁኔታ አንድና ያው ሥራ ናቸው የሚል ነው።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት እንበል። «ፖድካስት» የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የታየው በየካቲት 1996 ዓ.ም. ነው፤ ቤን ሐመርስሊ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በ«ጋርዲያን» ጋዜጣ ላይ፣ በኪስ ከሚያዘው የሙዚቃ መሣሪያ ከአይፖድና ብሮድካስት ከሚለው ቃል አገናኝቶ ጻፈው። ነገሩ ራሱ ግን ከስሙ ይልቅ ቀላል ነው። የተቀረጸ ድምፅ ነው፤ አድማጩ በፈቀደው ሰዓት የሚከፍተው፣ በፈቀደው ሰዓት የሚያቆመው፣ ደግሞም ለወዳጁ ሊያስተላልፈው የሚችል ነው። ልዩነቱን ለመረዳት ወደ ኋላ ማየት ይበቃል። በ1927 ዓ.ም. በአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ ተሠርቶ ሲከፈት የመንግሥት አቅም፣ የውጭ አገር መሐንዲሶችና ከፍተኛ የብረት ምሰሶዎች አስፈልገው ነበር። ዛሬ ግን ድምፅን ከአንዱ ሰው ወደ ሺህ ሰው ለማድረስ የሚያስፈልገው መሣሪያ በዚህ አዳራሽ ውስጥ በተቀመጥነው ሰዎች ኪስ ሁሉ አለ። ስለዚህ የጎደለን መሣሪያ ነው ማለት ከባድ ይሆናል፤ የጎደለን የሒሳብ አያያዝ ነው ብንል ይሻላል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። የፖድካስት ወጪ ከሦስት ኪሶች ይወጣል። አንደኛው የአዘጋጁ ኪስ ነው። ሁለተኛው የአድማጩ ኪስ ነው። ሦስተኛው ኪስ ገንዘብ የሌለበት የጊዜና የጉልበት ኪስ ነው። ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። የምንወድቀው ደግሞ በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው። እያንዳንዱን በየተራ እንመልከት።

ከአዘጋጁ ኪስ እንጀምር። አንድ ጀማሪ ከሁሉ በፊት የሚመኘው ከውጭ አገር የሚመጣ ውድ ማይክሮፎን ነው። ነገር ግን ድምፅ የሚበላሸው ከማይክሮፎኑ ርካሽነት ይልቅ በሁለት ነገሮች ነው፤ በርቀትና በቤት። ፊዚክስ የተማራችሁ እንደምታስታውሱት፣ ከድምፅ ምንጩ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲቀንስ የሚደርሰው የድምፅ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ስልኩን ከተናጋሪው አፍ አንድ ክንድ አርቆ ከማስቀመጥ ይልቅ ወደ አንድ ስንዝር ማቅረብ፣ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ ድምፁን አራት እጥፍ ያበረታዋል፤ የውጭው ጫጫታ ግን በነበረበት ይቀራል። የትንፋሽ ጩኸት እንዳይገባም ስልኩ ከአፍ ትይዩ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን መያዝ አለበት።

ሁለተኛው ነገር ቤቱ ነው። የሲሚንቶ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣራ ድምፅን እያንጸባረቁ ይመልሱታል፤ ተናጋሪውም በጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው ይመስላል። ለዚህ መድኃኒቱ ከሱቅ የሚገዛ አይደለም፤ ጋቢና ብርድ ልብስ ነው። እኛ በመኝታ ክፍላችን በሁለት አልጋዎች መካከል ገመድ ዘርግተን ሁለት ጋቢና አንድ ቡልኮ በመስቀል እንቀርጻለን፤ መሬቱም ላይ ፍራሽ እናነጥፋለን። ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ሥራውም ሲያልቅ ስቱዲዮአችንን ለብሰን እንተኛለን። ሰዓቱንም መምረጥ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚሄደው መንገድ በከተማችን መካከል ስለሚያልፍ ቀን ቀን የከባድ መኪናው፣ የባጃጁና የጋሪው ድምፅ አያስቀርጽም፤ ቅዳሜ የገበያ ቀን ከሆነማ ጭራሽ አይሞከርም። ሌሊት ከሁሉም ይሻላል። ስልኩ በቀረጻ ጊዜ ጥሪ እንዳይገባበት ከኔትወርክ ማለያየት፣ መብራት ድንገት ቢጠፋም ሥራው እንዳይቋረጥ ባትሪውን አስቀድሞ መሙላት የግድ ነው።

የተቀረጸውን ለማረም የሚያገለግል «ኦዳሲቲ» የሚባል የኮምፒዩተር ፕሮግራም አለ። በአሜሪካ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ በ1992 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት ይችላል። በቤተ ሙከራ ባሉት ኮምፒዩተሮች ላይ መጫንም ይቻላል። የተሰረቀ ውድ ፕሮግራም ጭኖ ኮምፒዩተርን በቫይረስ ማስበላት አያስፈልግም ማለት ነው። ስለ ሙዚቃም አንድ ቃል እንጨምር። የታወቀ ድምፃዊ ዘፈን ያለ ፈቃድ መግቢያ ማድረግ ነጻ ይመስላል እንጂ ነጻ አይደለም፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የባለሙያውን መብት ያስጠብቃል። በመካከላችን ክራርና ዋሽንት የሚጫወቱ ተማሪዎች ሞልተውልናል። ግማሽ ደቂቃ ይጫወቱልን፤ ስማቸውንም በክብር እንጥራ። ወይም ያለ ሙዚቃ እንጀምር። መልካም ወሬ ያለው ሰው ከበሮ ሳይመታለት ይደመጣል።

በአዘጋጁ ኪስ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ግን አንድ ጊዜ የሚገዛው ዕቃ ሳይሆን በየወሩ የሚከፈለው ነው። ድምፁን በኢንተርኔት የሚያስቀምጡ አንዳንድ ድርጅቶች በየወሩ በዶላር ያስከፍላሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። በወር 12 ዶላር ይከፍል የነበረ አንድ አዘጋጅ አለ ብለን እናስብ። በ57 ሲባዛ 684 ብር ነበረ፤ በ100 ብቻ እንኳ ቢባዛ 1200 ብር ሆነ። ዝግጅቱ በአንድ ሰው አላደገም፤ ዕዳው ግን በእጥፍ ሊያድግ ምንም አልቀረውም። በብር እያሰበ በዶላር የሚኖር ተማሪ እንዲህ ነው የሚወድቀው። አባቶቻችን «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ያሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ ያለ ክፍያ የሚያስቀምጡትን መምረጥ ይገባል፤ የስፖቲፋይ የፖድካስት ማስቀመጫ፣ ኢንተርኔት አርካይቭ፣ የቴሌግራም ቻናልም ለጀማሪ ከበቂ በላይ ናቸው።

ነገር ግን በሰው ቤት በነጻ የሚያድር እንግዳ የራሱን ጓዝ ይዞ መገኘት አለበት። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገራችን ተዘግተው እንደ ነበር ሁላችን እናስታውሳለን። ከዚያም በፊት፣ የከተማችን ልጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገደል፣ በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። ሐዘን በከበደበትና ሰው የሰውን ድምፅ ከሁሉ ይልቅ በፈለገበት በዚያ ወራት፣ ሥራውን በኢንተርኔት ብቻ ያስቀመጠ ሁሉ የገዛ ሥራውን እንኳ ሊያገኘው አልቻለም። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ምን ጊዜም በእጃችን ይኑር፤ ሁለተኛው ቅጂ ደግሞ በሌላ ሰው ቤት በሌላ ዲስክ ይቀመጥ። ሳይጨመቅ የተቀረጸ የ20 ደቂቃ ድምፅ ከ106 ሜጋባይት ብዙም አይበልጥም፤ የአንድ ዓመት ሥራ ሁሉ በአንድ አነስተኛ ፍላሽ ላይ ይገባል።

አሁን ወደ አድማጩ ኪስ እንለፍ። እኛ ዝግጅታችንን «ነጻ» እንለዋለን። ለአድማጩ ግን ነጻ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ሜጋባይት ይከፍላልና። ትንሽ ስሌት እንሥራ። የ20 ደቂቃ ንግግር በተለመደው በ128 ኪሎቢት ሲቀመጥ 19 ሜጋባይት ከ200 ኪሎባይት ይሆናል። ይኸው ንግግር በአንድ መስመር፣ ማለትም በሞኖ፣ በ64 ኪሎቢት ሲቀመጥ 9 ሜጋባይት ከ600 ይሆናል፤ በትክክል ግማሹ ነው። ለሰው ንግግር ደግሞ ሁለት መስመር አያስፈልግም፤ ሰው አንድ አፍ ብቻ ስላለው ልዩነቱን በስልክ የሚለይ ጆሮ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በ2004 ዓ.ም. ደረጃ ወጥቶለት የጸደቀው «ኦፐስ» የሚባለው የድምፅ አጨማመቅ ከዚህም ይወርዳል። በ24 ኪሎቢት ንግግሩ በደንብ እየተሰማ፣ 20ው ደቂቃ በ3 ሜጋባይት ከ600 ይጠቀለላል። ተራ ቪዲዮ በአንጻሩ፣ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ቢት ብቻ ቢወስድ እንኳ ለ20 ደቂቃ 150 ሜጋባይት ይበላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በጌዶ ወይም በጀልዱ ያለች የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በእጇ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ቢቀራት፣ የማንን ዝግጅት ትከፍታለች? ባለ 150ውን ወይስ ባለ 4ቱን? መቶ አድማጮች ያሉት ሰው፣ ከ19ኙ ወደ 9ኙ በመውረዱ ብቻ በእያንዳንዱ ክፍል 960 ሜጋባይት ከወገኖቹ ኪስ እንዳይወጣ አደረገ ማለት ነው። እርሱ ምንም አልከፈለም፤ አድማጩ ግን አተረፈ። ያተረፈ አድማጭ ተመልሶ ይመጣል፤ ለጎረቤቱም ይልካል። መግቢያችን ላይ «ወጪን ማሳነስና አድማጭን ማብዛት አንድ ሥራ ነው» ስንል ይህንን ማለታችን ነበር።

«ቪዲዮ ካልጨመርን ማን ያየናል?» የሚሉ ጓደኞች አሉን፤ አስተያየታቸውንም እናከብራለን። በእርግጥ በትልልቅ ከተሞች ፖድካስት ማለት ሁለት ሰዎች ካሜራ ፊት ተቀምጠው የሚነጋገሩበት እየሆነ መጥቷል፤ ይህም ማስታወቂያ ለሚያሰባስቡ ሰዎች ይጠቅማቸው ይሆናል። እኛ ግን የምንፈልገው ሰው የሚያይበት ጊዜ የለውም። በጋሪው ላይ ያለው ባለ ጋሪ፣ ቡና የምታፈላው እናት፣ ከብት የሚጠብቀው ልጅ፣ ሌሊት ዘብ የሚያድረው ሰው ዓይናቸው ሥራ ላይ ነው፤ ጆሯቸው ግን ክፍት ነው። ካሜራው ወደ እነርሱ አይደርስም፤ ድምፅ ግን ይደርሳል።

ለመሆኑ ያለ ገንዘብ ብዛት፣ በድምፅ ብቻ ሕዝብን መያዝ ይቻላልን? ማስረጃው ከእኛው አገር ነው። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ከዓመታት በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተርከው፣ ማንበብ የማይችለው ሰው ሳይቀር መጽሐፉን በጆሮው አነበበው። አንድ ሰው፣ አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ መጽሐፍ ነበር፤ የቀረው የችሎታና የዝግጅት ነገር ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የሸገር ኤፍ ኤም ሬዲዮ መዓዛ ብሩ የምታዘጋጀው «የጨዋታ እንግዳ»ም እንዲሁ ሁለት ሰዎች የሚጨዋወቱበት ነው፤ ኃይሉ ያለው እንግዳውን አስቀድሞ በማወቅና በትዕግሥት በመጠየቅ ላይ ነው። ከውጭ አገርም ምሳሌ ካስፈለገ፣ በካሊፎርኒያ በሳን ክዊንቲን ወህኒ ቤት የሚዘጋጀው «ኢር ሐስል» አለ። በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር፣ አዘጋጆቹ እስረኞች ኢንተርኔት እንኳ አልተፈቀደላቸውም ነበር። በቅጥሩ ውስጥ የሚያውቁትን ሕይወት እየተናገሩ ግን በዓለም ዙሪያ አድማጭ አገኙ። እኛ ከእስረኛ ያነሰ ዕድል አለን ብሎ የሚከራከር ይኖር ይሆን?

እንግዲህ አድማጭ የሚያበዙት ነገሮች ምንድን ናቸው? በእኛ አስተያየት አራት ናቸው፤ አንዳቸውም ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛው ሌላ ሰው ሊያወራው የማይችለውን ማውራት ነው። ስለ እንግሊዝ እግር ኳስና ስለ አሜሪካ ባለጸጎች የሚናገር ሺህ ሰው አለ፤ ስለ ምዕራብ ሸዋ ግን ከእኛ በቀር ማን ይናገር? በባኮ የምርምር ማዕከል ስለ ወጡት የበቆሎ ዘሮች የተመራማሪውን ቃልና የገበሬውን ቃል ጎን ለጎን ማሰማት ይቻላል። ገበሬው «ዘሩ ጥሩ ነው፤ ማዳበሪያው ግን በጊዜ አይደርስም» ቢል፣ ያ ድምፅ ለግብርና ተማሪ ከመማሪያ መጽሐፍ የማያንስ ትምህርት ነው። የአምቦ ውሃ በጠርሙስ መታሸግ የጀመረው በ1920ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ በፋብሪካው ዕድሜያቸውን የጨረሱ አዛውንቶች ምን ያስታውሳሉ? ባለቅኔ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በዚህ አካባቢ ነው የተወለደው። ይህንን ሁሉ ለመስማት የአውሮፕላን ትኬት አያስፈልግም፤ እስከ ጊንጪ ወይም እስከ ጉደር የሚኒባስ ዋጋና አንድ ሲኒ ቡና ይበቃል።

ሁለተኛው የአድማጩን ቋንቋ መናገር ነው። የዞናችን አብዛኛው ሕዝብ የሚነጋገረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ካምፓሳችን ደግሞ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ተማሪ የተሰበሰበበት ነው። አንዱን ዝግጅት በአንድ ሳምንት በአፋን ኦሮሞ፣ በሌላው ሳምንት በአማርኛ ብናዘጋጀው፣ የሚጨመረው ወጪ የአንድ ጓደኛ ጊዜ ብቻ ነው። የሚጨመረው አድማጭ ግን አንድ አገር ሕዝብ ነው። በመካከላችን ሁለቱንም አቀላጥፎ የሚናገር ተማሪ ባለበት፣ አንዱን ቋንቋ ይዞ ሌላውን ደጅ ማስጠናት ንፉግነት ነው።

ሦስተኛው ቃልን መጠበቅ ነው። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ማታ ይወጣል ከተባለ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ማታ ይውጣ። አድማጭ እንደ ገበያተኛ ነው፤ ሁለት ቅዳሜ መጥቶ ገበያው ከተዘጋበት በሦስተኛው ሌላ ገበያ ይሄዳል።

አራተኛው ከእጅ ወደ እጅ ማስተላለፍ ነው። ይህ በስቴንስል የሚባዛው ጋዜጣችን እንኳ አንዱን ቅጂ ስንት ሰው እንደሚያነበው ታውቃላችሁ፤ ከመኝታ ክፍል ወደ መኝታ ክፍል ሲዞር ጠርዙ እስኪቀደድ ይነበባል። ድምፅም እንዲሁ ሊዞር ይችላል። በየከተማው ስልክ የሚጠግኑና በሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ወጣቶች አሉ፤ የእኛን ዝግጅት ከዘፈኑ ጋር እንዲጭኑልን እንጠይቃቸው። የሚኒባስ ሹፌሮችን እንጠይቅ። በብሉቱዝ የሚሄደው ድምፅ አንድም ሳንቲም የኢንተርኔት ዋጋ አያስወጣም፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም አይቋረጥም። እርግጥ ነው፣ እንዲህ የሚሄደው ድምፅ በኮምፒዩተር አይቆጠርም፤ ቁጥራችንን ለሰው ልናሳይበትም አንችልም። ነገር ግን ሥራውን የጀመርነው ለመሰማት ነው ወይስ ለመቆጠር?

ሦስተኛውን ኪስ፣ የጊዜና የጉልበቱን፣ አልረሳነውም። እንዲያውም ከሁሉ የሚያስፈራን እርሱ ነው። ብዙውን ጊዜ አንድ ትጉህ ልጅ ብቻውን ይጠይቃል፣ ብቻውን ይቀርጻል፣ ብቻውን ያርማል። ፈተና ሲደርስ ከሁለት አንዱን ይጥላል፤ ወይ ዝግጅቱን ወይ ትምህርቱን። ሁለቱም ጉዳት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አራት ሰው ይሁን፤ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይቅረጽ፣ አንዱ ያርም፣ አንዱ ያሰራጭ፤ በየክፍሉም ሥራቸውን ይለዋወጡ፤ አንዱ ቢታመም ወይም ቢመረቅ ሥራው እንዳይሞት። ደግሞም ማለቂያ የሌለው ዝግጅት ከመጀመር ስምንት ክፍል ብቻ ብሎ መጀመር ይሻላል። ስምንቱን ጨርሶ ለፈተና ማረፍ ውርደት አይደለም፤ በዘጠነኛው ላይ ሳይናገሩ መጥፋት ግን ውርደት ነው።

አሁን ስለ እርዳታ ገንዘብ እንናገር፤ ይህ ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋልና። ዝግጅቱ መሰማት ሲጀምር «ካሜራ ልግዛላችሁ፤ ስሜን ብቻ አንሡልኝ» የሚል ሰው ይመጣል። ሁሉም ክፉ ነው አንልም። ማስታወቂያን ማስታወቂያ ነው ብሎ በግልጽ መናገር ነውር የለበትም። ነገር ግን ወጪው ትልቅ የሆነበት አዘጋጅ «አይሆንም» የማለት አቅም የለውም። በወር 1200 ብር የሚያስፈልገው ሰው የ1200 ብሩን ባለቤት ይፈራል፤ ምንም የማያስፈልገው ሰው ማንንም አይፈራም። የዝግጅታችን ነጻነት የሚለካው በወጪያችን ማነስ ነው።

በአንድ ምንጭ ላይ ብቻ የቆመ ነገር እንዴት እንደሚወድቅ ታሪክ ያስተምረናል። በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በዘመኑ እጅግ ብርቱ ጣቢያ ነበር፤ በ1969 ዓ.ም. በደርግ ተወርሶ ያ ድምፅ አበቃ። በቅርቡም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ሠራተኞች በአንድ ውሳኔ ከሥራቸው እንዲርቁ ሲደረግ፣ ለብዙ ዓመታት የለመድናቸው የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ዝግጅቶች በአንድ ቀን ጸጥ አሉ። የሚሊዮን ዶላር ጣቢያ በአንድ ፊርማ ከተዘጋ፣ የእኛ ትንሽ ዝግጅት በአንድ ባለ ሱቅ ኩርፊያ አይዘጋም ማለት አንችልም። ስለዚህ ገንዘብ ካስፈለገ ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ይምጣ። በቴሌብር ከሃያ ሰው የሚገኝ አሥር አሥር ብር፣ ከአንድ ሰው ከሚገኝ ሁለት መቶ ብር ይልቃል፤ ድምሩ አንድ ቢሆንም አስተማማኝነቱ አንድ አይደለም። ገቢውና ወጪውም በየወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ሒሳብ የተደበቀበት ማኅበር ፍቅር አይኖረውምና።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ይህ ሁሉ የሜጋባይትና የጋቢ ወሬ ለምን አስፈለገ? ስለሚከተለው ነው። አምቦ ስሟ በዓለም ዜና የተነገረው በ2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የጋራ ፕላን ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ የወጣቶች ደም በፈሰሰ ጊዜ ነው፤ ጊንጪም የተነገረችው በኅዳር 2008 ዓ.ም. ተማሪዎቿ በተነሡ ጊዜ ነው። ዜናውን ግን የነገሩን ሩቅ ያሉ ሰዎች ናቸው። ከሩቅ የተነገረ ዜና የሟቾችን ቁጥር ይናገራል፤ የእናቶቻቸውን ድምፅ አይዝም፤ ከተማይቱ በሌላው ቀን እንዴት እንደምትስቅ፣ እንዴት እንደምትነግድ፣ እንዴት እንደምትድር አይናገርም። ይህ የምንማርበት ግቢ በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት ሲመሠረት ያዩ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ሆነዋል። እነርሱ እኛ ውድ ማይክሮፎን እስክንገዛ አይጠብቁንም። ማይክሮፎን ዋጋው ቢወጣም አንድ ቀን ይወርድ ይሆናል፤ አንድ አዛውንት ሲሞቱ ግን ይዘውት የሚሄዱት ቃል በምንም ዋጋ አይገዛም። የሚያስፈልገው አንድ ስልክ፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ ሰዓት ነው፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ዛሬ በእጃችን አለ።

በዚህ መሠረት ለማኅበራችን አራት ሐሳቦች እናቀርባለን።

1ኛ. ማኅበሩ በልብስ ላይ የሚሰካ አንድ የጋራ ማይክሮፎን ገዝቶ በጽሕፈት ቤቱ ያስቀምጥ፤ ማንኛውም ተማሪ በመዝገብ እየፈረመ ይዋሰው።

2ኛ. የተቀረጸው ድምፅ ሁሉ በሁለት ዲስክ ተገልብጦ አንዱ በቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ በማኅበሩ ይቀመጥ፤ የተናጋሪው ፈቃድ፣ ስም፣ ቀንና ቦታም አብሮ ይጻፍ።

3ኛ. የመጀመሪያው ስምንት ክፍል፣ አራቱ በአፋን ኦሮሞ፣ አራቱ በአማርኛ፣ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች አረጋውያን ላይ ይዘጋጅ፤ እያንዳንዱም ከ20 ደቂቃና ከ10 ሜጋባይት አይብለጥ።

4ኛ. መምህራኖቻችን በየትምህርት ክፍላቸው ጥያቄዎቻችንን በማረምና የተሳሳተ ነገር እንዳናሰራጭ በመቈጣጠር ይርዱን። ይህ እርዳታ በገንዘብ አይገመትም።

ሐሳባችንን የሚቃወም ቢኖር በውይይቱ ጊዜ በደስታ እንሰማለን፤ ከዚህ የሚሻል መንገድ ቢገኝም እንከተላለን። የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ገንዘብ ሲገኝ እንጀምራለን» የሚለው ቃል ከዛሬ ጀምሮ በመካከላችን ምክንያት ሆኖ እንዳይቀርብ።